ሸክላ ሠሪ ፍለጋ ከመቱ ያዮ፣ ከያዮ ሶር

ወጥቶ መግባት የእግዚአብሔር ቸርነት ነውና አጥንቴን ሳይሰብር ለመለሰኝ አምላክ ምስጋና ይድረሰው። አንኮበር ያላችሁ እኅቶቼ፣ «ኢሉባቦር ምን ይመስላል?» እያላችሁ በየደብዳቤው ትጠይቁኛላችሁ። እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ «ዝናብ ነው» ከማለት በቀር የመለስኩላችሁ ነገር የለም። ዝናብ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በዚህ ግንቦት አንድ ጉዞ ሄጄ ስመለስ፣ እስከ ዛሬ ከመስኮቴ ውጭ ያየሁት እንደሌለ ገባኝ። እናንተ እዚህ እንደማትመጡ ስለማውቅ ቀን በቀን ጽፌላችኋለሁ። ሳቁብኝ፤ አልቀየምም።

የጉዞው ምክንያት አፌ ነው። ባለቤቴ ለጽሕፈት ሥራ መቱ ሲዛወር እኔ በሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ አስተማሪ መሆኔን ታውቃላችሁ። ከውጭ አገር በመጣ የጥልፍ መጽሐፍ ላይ አንገቱ የረዘመ ነጭ ወፍ አለ። ልጆቹ በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁትን ያን ወፍ በትራስ ልብስ ሁሉ ላይ ሲጠልፉ ከረሙ። ካዲስ አበባ የመጣ ተቆጣጣሪ ሥራቸውን አገላብጦ አየና፣ «ወፉስ መልካም ነው። የዚህ አገር ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ በእጁ የሚሠራው ነገር የለም እንዴ?» አለ። ዲሬክተራችን ዝም አለ። ለእኔ ግን ዝምታ መቼ ይሆንልኛል! «አለ እንጂ ጌታዬ፣ ሸክላ አለ! ከክረምት በፊት ባለሙያ አምጥተን እናስጀምራለን» አልኩ። ባለሙያዋ ማን እንደሆነች እኔም አላውቅም ነበር።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ስጠያይቅ፣ ትልልቁን እንስራና ጋን እንደ ድሮው የምትሠራ አዴ ዲንቄ የምትባል (አዴ እዚህ እትዬ እንደማለት ነው) አንዲት አሮጊት ብቻ መቅረቷን ነገሩኝ። ሌሎቹ ሞተዋል፤ ልጆቻቸውም የብረት ድስትና የቆርቆሮ ሳህን ከበዛ ወዲህ ሥራውን ትተውታል። እርሷ ሳታስተምር ከሞተች እውቀቱ አብሯት መቀበሩ ነው። «ያዮ ናት» አሉኝ። ዲሬክተሩ ባለ ማኅተም ደብዳቤ አስጽፎ ሰጠኝና፣ «እትዬ የሺ፣ እስከ ሰኔ ካልሆነ ሰዓቱን ለወፉ እመልሰዋለሁ» አለኝ።

አሁን የማፍርበትንም ልንገራችሁ። እኛ አገር ስለ ሸክላ ሠሪ ምን እንደሚወራ ታውቁታላችሁ። በእንስራቸው ውሃ እንጠጣለን፣ በድስታቸው ወጥ እንሠራለን፤ ከቤታቸው ግን ቁራሽ አንቀምስም። «ዐይናቸው ይበላል» ብለን እንፈራለን። እኔ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ፣ ይህን ፍርሃት ከአንኮበር እስከ መቱ በሻንጣዬ ይዤው መጥቻለሁ። የማርያም ማኅበራችን እናት እትዬ ወርቅነሽም ሲሸኙኝ አንድ ብልቃጥ ጠበልና አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ሰጡኝና፣ «ስታናግሪያት በጎን ቁሚ፤ ከቤቷ ምንም እንዳትቀምሺ፤ አደራ!» አሉኝ። አደራቸውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ሰኞ

ጨው በጫነ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ከመቱ ወጣሁ። ሲነጋ ዘንቦ ነበርና ሁሩሙ ሳንደርስ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። እኔ ነጭ ቀሚሴን አየሁ፣ ጫማዬን አየሁ፣ አልወርድም አልኩ።

«እትዬ፣ ቢወርዱ እኮ ይቀለዋል» አለ ሾፌሩ።

«ከዚህ ሁሉ ጨው እኔ ነኝ የከበድኩት?»

«ጨውማ አይጸልይም፤ እርስዎ ወርደው ቢጸልዩልን ብዬ ነው።»

በዚህ ተረትቼ ወረድኩ። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ እግሬ ወጣ፣ ጫማዬ ቀረ። አካፋ የያዙት ሰዎች መኪናውን ትተው መጀመሪያ የእኔን ጫማ ቆፈሩ። አንዱ ጫማውን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ይዞ ሲያመጣልኝ ሌሎቹ እልል አሉ። አንኮበር ጭቃው ያንሸራትታል፤ የኢሉባቦር ጭቃ ግን ይይዛል፣ ያስቀራል።

ሁሩሙ ስንደርስ ማደሪያ የተገኘው አንድ ጠጅ ቤት ብቻ ነው። የማርያም ማኅበርተኛ ጠጅ ቤት! ባለቤቲቱ ግን እግሬን በሙቅ ውሃ አጥባ፣ የራሷን አልጋ ለቃ፣ በሩ ላይ መደብ ዘርግታ ተኛችልኝ። አመሻሹ ላይ ዳዊቴን ጮክ ብዬ ስደግም አንድ የሰከረ ሰውዬ በመጋረጃው አንገቱን አስግጎ፣ «እናቴ፣ ለእኔም አንዲት ጨምሩልኝ» አለኝ። ልገሥጸው ነበር፤ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ነው የጠየቀኝ። አንድ መዝሙር ጨመርኩለት።

ማክሰኞ

ያዮ ገባን። አንኮበር ገደል ላይ ቆሞ የሦስት ቀን መንገድ ያያል ሰው። እዚህ ግን ጫካው ከፊት ለፊታችሁ የቆመውን በሬ ይደብቃል። ቡናው ማንም ሳይተክለው በትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ቀፎው ደግሞ ማንጋጠጥ እስኪያደክም ከላይ ተሰቅሏል።

የማር ነጋዴ ኦቦ ገለታን አገኘሁና አዴ ዲንቄ የት እንደሆነች ጠየቅኩት። ረጅም፣ ሳቁ ከራሱ ቀድሞ የሚመጣ ሰው ነው።

«ዲንቄን? ባሏ ከሞተ ወዲህ ወደ ትውልድ አገሯ ተመለሰች እኮ!»

«የት?»

«ሶር ነዋ! ከመቱ የግማሽ ቀን መንገድ። እርስዎ ከየት መጡ?»

«ከመቱ።»

ኦቦ ገለታ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ለመያዝ ታገለ፤ አልቻለም። ሚስቱንም ጠርቶ ነገራት። እርሷም ጎረቤቷን ጠራች። የጓሮዋን ጎመን ፍለጋ ወንዝ የተሻገረች ሴት ለማየት ሰው ተሰበሰበ። ከሳቁብኝ በኋላ ግን ቤታቸው አስገቡኝና እንደ በረዶ የነጣ የጌተም ዛፍ አበባ ማር አቀረቡልኝ። ሐሙስ ማር ይዞ መቱ ስለሚሄድ ሶር ድረስ እንደሚያደርሰኝም ቃል ገባልኝ።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ መኪና የለም። የኦቦ ገለታ ሚስት ምሳ በቅቤ ሠርታ ካቀረበች በኋላ ደነገጠች። «ውይ፣ ረቡዕ ነው! ይጾሙ ይሆናል።»

እንግዲህ አስተማሪነቴ ተነሣ። ጣቴን ቀስሬ፣ «ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ የለም። በዓለ ኃምሳ ነው። እንዲያውም በዚህ ወራት መጾም ክልክል ነው!» ብዬ ረጅም ስብከት ሰበክኋቸው። ኦቦ ገለታ አንዲት ቃል ሳያመልጠው አዳመጠ። ምነው ያን ዕለት ጆሮውን በደፈነው!

ሐሙስ

መቱ ተመለስን። ሸክላ ሠሪዋ ከኋላዬ እንደሌለች ሰው እንዳያይ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ በጓሮ በር ገባሁ። ባለቤቴ ብቻዬን መምጣቴን አየ። ራት በልተን ስንጨርስ ነው፣ «ያዮ ከሶር ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ የጠየቀኝ። ለካ ገበያው ሁሉ ሰምቷል።

ዓርብ

ኦቦ ገለታ ከዘመዱ በቅሎ ተውሶ በማለዳ መጣ። እኔ በበቅሎ፣ እርሱ በእግሩ። የሶርን ፏፏቴ አየሽ ወይ እንደምትሉ አውቃለሁ። ድምፁን ሰምቻለሁ። በዚያ ሰዓት ቁርጭምጭሚቴ ላይ የተጣበቀ አልቅት ለማላቀቅ ጎንበስ ብዬ ነበርና ስለ አልቅቱ ብትጠይቁኝ ይሻላል።

የአዴ ዲንቄ ቤት ከመንደሩ ፈንጠር ብሎ፣ ረግረጉ አፋፍ ላይ ነው። ሴትዮዋ ትንሽ ናት፤ ጣቶቿ ግን ከሌላ ትልቅ ሰው የተዋሰቻቸው ይመስላሉ። በኦሮምኛም በአማርኛም ተቀበለችን። በጎን ቆሜ ደብዳቤውን ሰጠኋት። አላነበበችውም፤ ማኅተሙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ይሄን ክብ ማን ሠራው?»

«የትምህርት ቤቱ ማኅተም ነው አዴ።»

«ጥሩ ከብቧል። የሠራው ሰውዬ እጅ አለው» አለችና ደብዳቤውን መለሰችልኝ። ቃል በቃል ሳስረዳት ግን በጥሞና ሰማች። ልጆቹ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ፣ ጥፍራቸውን ያሳድጉ እንደሆነ ጠየቀች። ፊቷ ፈካ። የራሷ ልጅ ጅማ አግብታ፣ እናቷ ምን እንደምትሠራ ለባሏ ዘመዶች እንዳልነገረች አጫወተችን። ከዚያ ተነሥታ መሐሉ ቅቤ የተሞላ ገንፎ በሸክላ ገበታ አቀረበች።

እኔም፣ «እግዜር ይስጥልኝ አዴ፣ ዛሬ ዓርብ ነው። ጾም ነኝ» አልኩ።

ኦቦ ገለታን ሳል ያዘው።

አዴ ዲንቄ ጣቷን እየቆጠረች፣ «ፋሲካ አለፈ። ዳግም ትንሣኤ አለፈ። ጰራቅሊጦስ ገና ነው። የማንን ጾም ነው የምትጾሚው፣ ኢንተላ ኮ?» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው።

«እርስዎ... የእኛን ጾም ያውቃሉ?»

«ጾም ሲገባ ለሽሮ የሚሆን ትንሽ ድስት ትገዛላችሁ፤ ጾም ሲፈታ ለዶሮ ትልቁን። ጾማችሁን ባላውቅ ኖሮ እኔ ነበርኩ የምጾመው!»

«የግል ስለት አለብኝ» አልኩ።

«በዚህ ወራት ስለትም አይጾምም።»

ኦቦ ገለታ ሊረዳኝ ፈልጎ ይሁን ሊያጠፋኝ እንጃ፣ «እውነቷን ነው እትዬ። ክልክል ነው ብለው ረቡዕ ዕለት ያስተማሩን እርስዎ...» አለና ምላሱን ነከሰ።

አዴ ዲንቄ ገበታውን አነሣችና ከደነችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ በወደድኩ።

«መቱ ቤትሽ ውስጥ እንስራ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ማን ሠራው?»

ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ።

«እንግዲህ እጄ አፍሽ የገባው ዛሬ አይደለም። አንቺ ይህን ያህል ከፈራሽኝ ልጆቹስ? እኔን ነክተው ቤታቸው ሲገቡ እናቶቻቸው በጠበል ያጥቧቸዋል። እኔ የማውቀው ጭቃ ነው፤ መታጠብ አላስተምርም። ሲነጋ ደብዳቤሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ዝናቡ ወንዙን ሞልቶት ነበርና እዚያው አደርን። እምቢ ያለችኝ ሴት እሳቱ አጠገብ ያለውን ሞቃት ቦታ ለእኔ ሰጠች፣ የተሻለውን ቁርበት ለእኔ አነጠፈች። እኔ ወደ ግድግዳ ዞሬ የእትዬ ወርቅነሽን ዳቦ ቆሎ እንደ አይጥ ቆረጠምኩ።

ቅዳሜ

ጠዋት ስወጣ በቅሎው ራሱን ስንቅ ከረጢቴ ውስጥ ቀብሮ አገኘሁት። ዳቦ ቆሎዬን ጨርሷል፤ የጠበሉን ብልቃጥም ረግጦ ሰብሮታል። ከሁላችን የተባረከ በቅሎው ሆነ።

አዴ ዲንቄ ደጃፉ ላይ የተሰበረ ሸክላ በድንጋይ ትወቅጣለች። ሄጄ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። በጎን ሳይሆን ፊት ለፊት።

«አዴ፣ ትናንት ዋሽቻለሁ። ጾም የለም። ፈርቼ ነው።»

ድንጋዩን አቆመች። «ምኑን?»

«ዐይንዎን።»

«ዛሬስ?»

አሁንም ልዋሽ እችል ነበር። «ዛሬም እፈራለሁ» አልኩ። «ግን በቅሎው ስንቄን በልቶብኛል።»

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ድንጋዩ ከእጇ ወድቆ፣ ዐይኗ እንባ እስኪያወጣ ሳቀች። ኦቦ ገለታም ከጓሮ ሮጦ መጣ፤ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሳቀ።

«ስንቱ ዋሸኝ መሰለሽ!» አለች። «'ሆዴን ያመኛል' ይላሉ። 'አሁን በልቼ መጣሁ' ይላሉ፤ ሆዳቸው እየጮኸ። 'ፈርቼ ነው' ያለችኝ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። ነይ፣ ግቢ።»

ገንፎውን አማትቤ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳላላምጥ ዋጥኩ። በሦስተኛው ቅቤው በክርኔ ሲወርድ ትዝ አላለኝም። ቀኑን ሙሉ ሆዴን ሳዳምጥ ዋልኩ፤ ሆዴ ያለኝ ነገር ቢኖር «ድገሚ» ነው።

ከዚያ እውቀቱን ልጽፍ ደብተሬን አወጣሁ። «ስንት እጅ ጭቃ፣ ስንት እጅ ገል?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ጭቃው እስኪበቃው።»

«እስኪበቃው» ብዬ ጻፍኩ። «እንደበቃው በምን ይታወቃል?»

«በእጅ።»

ይህንንም ጻፍኩ። የደብተሬ ገጽ ላይ እስከ ዛሬ ያለው ይህ ብቻ ነው። አዴ ዲንቄ ደብተሩን ወሰደችና ከጣራው ወራጅ ሥር ሸጎጠችው። በምትኩ አንድ እፍኝ የተወቀጠ ገል መዳፌ ላይ ዘረገፈች። «ይሄ የእናቴ እንስራ ነበር» አለች። «በእርሱ ውስጥ ደግሞ የእናቷ አለ። አሮጌው ካልገባበት አዲሱ እሳት ላይ ይፈነዳል።» እንስራ ሲሰበር የምንጥለው እኛ ነን እንጂ እነርሱስ ሲያኖሩት ነው የኖሩት።

ጭቃውን በእግሬ ረገጥኩ፣ በእጄ አሸሁ። አንኮበር ላይ «እጀ ወርቅ» ስባል የኖርኩት ሴት አንድ ትንሽ ጀበና ሞከርኩና ጎኑ እንደ ደከመ ሽማግሌ ዘመመ። ኦቦ ገለታ፣ «እትዬ፣ ይሄ ረጅም አንገት ያለው ወፍ ነው?» አለኝ። ስለ ጥልፉ በመንገድ ላይ አጫውቼው ነበር፤ ለዚህ ሰው ምንም ማጫወት አያስፈልግም።

ወደ ቤት ልንነሣ ስንል አዴ ዲንቄ እጇን ታጥባ መጣች። «እኔ መቱ አልመጣም፤ ጭቃው ያለው እዚህ ነው። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጡ። ግን ስሚ፤ ምሳ ይዛ የመጣችውን አላስተምርም። ከቤቴ ትበላለች። ለመጪው ቅዳሜ ገንፎ አገነፋለሁ። አንድም ካልመጣች ሁለተኛ በሬን አትምቺ።»

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ።

«ጾም ሽረሻል?»

«የለም አባቴ። የሌለ ጾም ፈጥሬአለሁ።»

ነገሩን ሁሉ ስነግራቸው በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ቆይተው፣ «ስግደት እንዳላዝሽ ወራቱ አይፈቅድም። ጾም እንዳላዝሽም ራስሽ ታውቂዋለሽ። ቅጣትሽ ከቤቷ መብላት ነው፤ ደጋግመሽ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ቅጣት ተቀጥቼ አላውቅም።

የልጆቹ እናቶች ዘንድ ግን ነገሩ አላሳቀም። እትዬ ወርቅነሽ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ያዙኝ።

«በላሽ?»

«በላሁ እትዬ።»

«አፈር በበላሽ! እና ምን ሆንሽ?»

«ቀሚሴ ጠበበኝ።»

«ቀልጂ! የእኔን ልጅ ግን አትወስጃትም» አሉና ዞረው ሄዱ። ሌሎቹ እናቶች እሺም እምቢም አላሉኝም። በሳምንቱ ውስጥ በየቤታቸው ዞሬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ውሸቴንም ጭምር። አንዳንዷ ሳቀች፤ አንዳንዷ በሯን ገርበብ አድርጋ አናገረችኝ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ

በማለዳ ከትምህርት ቤቱ በር ቆምኩ። ፀሐይ ወጣች፤ ማንም የለም። ኦቦ ገለታ ለወሬው ብሎ ቀርቶ ነበርና ጨዋታ ሊያመጣ ሞክሮ ተወው። አዴ ዲንቄ ይህን ጊዜ ድስቱን ጥዳለች። ብቻዬን ሄጄ በሯ ላይ ምን ብዬ እንደምቆም ሳስብ አራት ልጆች በታችኛው መንገድ ሲሮጡ መጡ። ከሠላሳዎቹ አራት። የእትዬ ወርቅነሽ ልጅ የለችበትም።

መንገድ ላይ የአንዷ ነጠላ አብጦ አየሁ። «ምንድን ነው?» ብላት አለቀሰች፤ እናቷ ዳቦ ደብቃ አስይዛታለች። ከኋላዋ ያሉትም አንድ በአንድ ዳቧቸውን አወጡ። ልቆጣ አልቻልኩም፤ የማን ተማሪዎች እንደሆኑ አውቃለሁ። ወንዙ ዳር ተቀምጠን ዳቦውን ሁሉ በልተን ጨረስን፣ ኦቦ ገለታ ድርሻውን ሳይረሳ። ስለዚህ ሆዳችን ተነፍቶ፣ እጃችን ባዶ ሆኖ ደረስን።

አዴ ዲንቄ የሃያ ሰው ገንፎ አገንፍታ ጠበቀችን። እኛን አየች፣ ድስቱን አየች። ለእያንዳንዳችን በየገበታው አወጣችልን። ልጆቹ እኔን አዩ። ነፍስ አባቴ ያዘዙትን ቅጣቴን ጀመርኩ። ከዚያ እነርሱ ቀስ ብለው፣ በጣታቸው ጫፍ ቀመሱ። ከሁሉም ትንሿ ብርቄ ዐይኗን ጨፍና ነበር የጎረሰችው። ሁለተኛውን ስትጎርስ አንዱን ዐይኗን ገለጠች። ጨረሰችና ገበታዋን በሁለት እጇ ዘረጋች።

«አዴ፣ ይጨመርልኝ።»

አዴ ዲንቄ ወደ ምድጃው ዞረች፤ ጀርባዋን ሰጥታን ድስቱን ብዙ አማሰለች፣ ማማሰል ባያስፈልገውም። ስትመለስ የብርቄን ገበታ እስኪቆለል ሞላችው።

«ብዪ፣ ኢንተላ ኮ» አለች። «ጭቃ ጉልበት ይፈልጋል።»